የእናቴ ጾምና የእኔ ሣጥን

እናቴን ጾም አፍርሰሻል ብያታለሁ። ጊዜው 2015 ዓ.ም. ነው፤ የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ። ነገሩን እንዲህ አፍረጥርጬ አልተናገርኩትም፤ «እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ማታ ማታ ምን እየቀመስሽ ነው?» ነበር ያልኳት። ግን የጎጃም ሴት ናት፤ ወርቁ ከሰሙ ሥር አይጠፋባትም። ከቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ውላ ገና መግባቷ ነበር። ለነገው ጉልባን ባቄላ በሰፌድ ይዛ ትለቅም ነበርና ጣቷ ባቄላው ላይ እንዳለ ቀረ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሰፌዱን ነቅነቅ አደረገችና ለቀማዋን ቀጠለች።

እኔ በእጄ የላብራቶሪ ወረቀት ይዤ ቆሜያለሁ። ወረቀቱ ላይ መጥፎው የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል፣ 208 ይላል። ጥር ላይ 182 ነበር። ጤነኛ ሰው ከ100 በታች ቢሆንለት ይመረጣል። በሁለቱ ምርመራዎች መሐል ደግሞ ሁዳዴ አለ፤ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን በሽሮና በጎመን የኖረች ሴት ኮሌስትሮሏ በምን ወጣ? አእምሮዬ ያገኘው መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ እናቴ ትዋሻለች።

ኑዛዜ በኛ ቋንቋ ሁለት ፍቺ አለው። አንዱ ሰው ሊሞት ሲል ስለ ንብረቱ የሚናገረው ነው፤ ሌላው ለንስሐ አባቱ የሚተነፍሰው። ይኼ የእኔ ሁለተኛው ነው። ጥፋቴን የሚያከብደው ደግሞ ሥራዬ ነው። የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆሜ «ይኼን ከምግብ በፊት፣ ያንን ከምግብ በኋላ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከአንገቷ ልጀምር።

እናቴ ተወልዳ ያደገችው ምሥራቅ ጎጃም፣ እንቅርት ማንንም በማያስደነግጥበት አገር ነው። የጥንቱ አሞሌ ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ ደጋ ድረስ ይወጣ ነበር፤ አዮዲን ግን አብሮት አልወጣም። የታይሮይድ ዕጢ ሥራውን የሚሠራው በአዮዲን ነው፤ ሲያጣ ያለችውን ጥቂት ለመልቀም እያበጠ ይሄዳል። ልጅ ሳለች አንገቷን በሦስት ረድፍ ተነቅሳለች፤ ለጌጥም፣ እንቅርት ይከላከላል ተብሎም። ንቅሳቱ ጌጡን ሰጣት። እንቅርቱን አላስቀረላትም። በ2004 ዓ.ም. እብጠቱ ጉሮሮዋን ተጭኖ ምግብ አላሳልፍ ሲል አዲስ አበባ አምጥተን አሠራናት፤ ዕጢው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወጣ። የቀዶ ጥገናው ጠባሳ ዛሬም በሁለተኛውና በሦስተኛው የንቅሳት ረድፍ መሐል፣ ልክ አራተኛ ረድፍ የተነቀሰች ይመስል፣ ተጋድሞ ይታያል።

ዕጢው ከወጣ ሥራውን የሚተካ ኪኒን ዕድሜ ልክ መዋጥ ግድ ነው። ሌቮታይሮክሲን ይባላል። ለእናቴ የታዘዘላት በቀን 100 ማይክሮግራም ነው፤ የአንድ ግራም ዐሥር ሺኛ ማለት ነው። ከሆስፒታል ስትወጣ አንዲት ነርስ አጠገቧ ቁጭ ብላ እንዲህ አለቻት፦ «እማማ፣ ሌሊት ለጸሎት ሲነሡ፣ በአንድ ጉንጭ ውኃ። ከዚያ አንድ ሰዓት ምንም አይቅመሱ።» እናቴ ይህን እንደ ዳዊት ያዘችው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ትነሣለች፣ ታማትባለች፣ ትውጣለች፣ ዳዊቷን ትደግማለች። የንስሐ አባቷን አስቀድማ ጠይቃ «መድኃኒት ነው፣ ዋጪ» ብለዋታል፤ ስለዚህ ሁዳዴም ሆነ ፍልሰታ ያቺን አንድ ጉንጭ ውኃ አላስቀሯትም። ዐሥር ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖረች። በየጊዜው ስትመረመር ደሟ ደህና ነበር። የፋርማሲ ትምህርት ቤት ያልሄደች ሴት መድኃኒቷን ከመጽሐፉ ላይ እንደተጻፈው አድርጋ ትወስድ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ እኔ ገባሁበት።

ለ2015 አዲስ ዓመት ሜሪላንድ ያለችው እህቴ የኪኒን ሣጥን ላከች። ሰባት ጉድጓድ ያላት፣ ክዳኗ ቀጭ እያለ የሚዘጋ፣ ሐምራዊ ፕላስቲክ። ክዳኖቹ ላይ ያለው የፈረንጅ ፊደል ስለሆነ በነጭ ፕላስተር ላይ እ፣ ሰ፣ ማ፣ ረ፣ ሐ፣ ዐ፣ ቅ ብዬ ጽፌ ለጠፍኩበት። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። በየእሑዱ ቁጭ ብዬ እሞላላታለሁ፦ የታይሮይዱን፣ የግፊቱን አምሎዲፒን፣ ደግሞ ለአጥንቷ ብዬ እኔው የጨመርኩላትን ካልሲየም። ሦስቱም በአንድ ጉድጓድ። ካልሲየሙ ከምግብ ጋር ሲሆን ስለሚሻል «ከቁርስ ጋር አንዴ ዋጥ አድርጊው፣ አለቀ» አልኳት። «የሌሊቱስ?» አለች። «እሱም እዚሁ ውስጥ አለ።»

ካልሲየም ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይዞ እንደሚያስቀረው አውቃለሁ። በሁለቱ መሐል አራት ሰዓት መኖር እንዳለበት አውቃለሁ። የብረት ኪኒንም እንደዚያው ነው። ቡናም መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያሰናክላል፤ እናቴ ደግሞ ቁርስን ያለ ቡና አታውቀውም። ይህን ሁሉ በመስኮቱ በኩል ለስንቱ ሰው ተናግሬያለሁ። አንዳንዴ ለማያውቁት ሰው የሚሰጡት ጥንቃቄ ቤት ሲገቡ ከነጋዎኑ ተሰቅሎ ይቀራል።

ጥቅምት ላይ እናቴ በረዳት። ሁላችንም በረደን፣ ጥቅምት ነው። ኅዳር ላይ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጋቢዋን አታወልቅም ነበር። ድምፅዋ ጎረነነ፤ ጉንፋን አልኩት። ፊቷ ጠዋት ጠዋት አበጥ ማለት ጀመረ፤ ቆዳዋ እንደ ሐምሌ መሬት ሳይሆን እንደ ጥር መሬት ሆነ፤ ሆዷ ደረቀ። ቅዳሴ ላይ ቆማ እንደምታንቀላፋ ራሷ ነገረችኝና ሳቅን። እያንዳንዱ ምልክት ብቻውን ሲመጣ የሚያስፈራ አይደለም፤ እኔም አንድ በአንድ «እርጅና ነው» እያልኩ ሸኘኋቸው። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነበር።

ጥር ላይ ለግፊቷ ስንሄድ ሐኪሙ ኮሌስትሮሏንም አየ። ጠቅላላው 274፣ ኤልዲኤል 182። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቃት። አፏን ከመክፈቷ በፊት መለስኩላት፦ «ታይሮይድ አላት፤ በደንብ ነው የምትወስደው። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ ራሴ ነኝ የምሰጣት።» ሰውዬው ምን ያድርግ? የሙያ ባልደረባውን አመነ። «እንግዲያው ሦስት ወር ምግብ ላይ ይጠንቀቁና እናያለን» አለ። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብዬ ቀለድኩባት። ተረቱ ተስማምቶኝ ነበር። አንድ ሕመም ላይ ሌላ ሕመም ተደረበ ማለቴ ነው። አልተደረበም ነበር። ሕመሙ ያው አንዱ ነበር።

ማታውኑ ቅቤዋን አወጣሁ። አክስቴ ከሞጣ የላከችው፣ እናቴ በኮረሪማና በኮሰረት ያነጠረችው፣ አምስት ኪሎ የሚሆን ቅቤ። ባልዲውን ተሸክሜ ለግቢው ጥበቃ ሰጠሁት። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ታየኛለች። «ለጎረቤት ብናካፍለው አይሻልም?» ነው ያለችው፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም። ሁዳዴ ሲገባማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ የምግብ ቁጥጥሩን ያዘችልኝ ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ አወራሁ።

በሁዳዴ ግን አንድ ያላሰብኩት ነገር ሆነ። «ከቁርስ ጋር» ያልኳት ሣጥን ቁርስ አጣ። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት ናት። ከምግብ ጋር ስላልኳት ሦስቱንም ኪኒን ይዛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጠብቅና ከሽሮው ጋር ትውጣቸዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን የምታመሽ ቀን ደግሞ ይረሳል። የድሮዋን የሌሊት ጉንጭ ውኃ እኔው በገዛ እጄ ወስጄባት ነበር። ከታይሮይዱ መድኃኒት በቀን ስንት እጁ ደሟ ውስጥ ይገባ እንደነበር አላውቅም። ጥቂት ነበር። ውጤቱ ስንት እንደነበር ግን ያ የረቡዕ ወረቀት ተናግሯል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ወደዚያ ረቡዕ ልመለስ። እናቴ ለጥያቄዬ መልስ የሰጠችኝ በማግሥቱ ነው፤ ጉልባኑን እያወጣች፣ ፊቷን ሳታዞር። «ልጄ፣ የምበላውን አንተ ታያለህ። የማልበላውን የሚያይ ሌላ አለ።» ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም። የፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰን ጾም ልንፈታ ገበታ ቀረብን። ዶሮው ቀረበ። ከሰባት ዓመት ልጅነቷ ጀምሮ ሁዳዴን የጾመች፣ ያንን ወጥ በገዛ እጇ የሠራች እናት እንቁላሉን በእንጀራ ጠቅልላ ያዘችና ወደ እኔ ዞረች። «ልብላው?» አለችኝ።

ቀልድ አልነበረም። ፈቃድ ነበር የጠየቀችኝ። እኔም፣ ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል፣ «አስኳሉን ተዪው» አልኳት።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሐኪሙ አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም ጻፈላት። የስታቲን ወገን የሆነ የኮሌስትሮል መድኃኒት ነው፤ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ብዙ ሰው ከድንገተኛ የልብ ሕመምና ከስትሮክ የጠበቀ። አራተኛ አድርጌ ጉድጓዱ ውስጥ ጨመርኩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው እናቴ ጭኔን ጭኔን ማለት ጀመረች። ግንቦት መጨረሻ አንድ እሑድ ቡና አፍልታ፣ ሦስተኛውን ቀድታ፣ ከበርጩማዋ ልትነሣ አልቻለችም። መጀመሪያ በሁለት እጇ ጉልበቷን ተጭና ሞከረች። ተቀመጠች። ቀጥላ በአንድ እጇ ግድግዳውን፣ በሌላው የሠራተኛችንን ትከሻ ይዛ ተነሣች። ላብ ግንባሯ ላይ ነበር። እኔ ስልኬን ይዤ ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ። «ሽማግሌ ሆንሽ እኮ» አልኳት።

ሌላ ሐኪም ጋ የወሰድኳት እግሯን ብዬ እንጂ ሌላ ጠርጥሬ አልነበረም። የውስጥ ደዌ ሐኪም ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ገና ስንቀመጥ «መድኃኒትዎን እንዴት ነው የሚወስዱት እማማ?» አለች። እኔ ጀመርኩ። እጇን ከፍ አድርጋ «አንተን አይደለም፣ ወንድሜ፤ እሳቸውን ነው» አለችኝ። እናቴም ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ቁርሱ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ዘጠኝ ሰዓቱ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ሁሉም ነገር አፏ ላይ ነበር፤ የጠየቃት ሰው ነው የጠፋው።

ከዚያ ሐኪሟ እናቴን ወንበር ላይ አንበርክካ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ያለውን ጅማት በትንሿ የጎማ መዶሻ መታችው። እግሯ ወደ ታች ዘለለ፤ ሲመለስ ግን ዝግ ብሎ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ እየተንቀረፈፈ ተመለሰ። ሐኪሟ ሁለተኛ መታችና ወደ እኔ አየች። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ያጠናሁት ምልክት ነው። ታይሮይድ ሲያንስ ጡንቻ እንዲህ ይዘገያል። ዐይኔ እያየ ጭንቅላቴ ቀዘቀዘ።

ደሟ ተመረመረ። ቲኤስኤች የሚባለው፣ አንጎል ሥር ያለችው ዕጢ «ታይሮይድ፣ ወዴት ነህ?» እያለች የምትልከው ጥሪ ማለት ነው፤ ከ4 ብዙም ማለፍ የለበትም። የእናቴ 61 ነበር። ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚፈሰው ሲኬ ደግሞ 1,140፤ ከ200 ባይዘል ይሻላል። ጥሪው ሲጮህ ከርሟል። የሚሰማ ጠፍቶ።

ያን ሌሊት መድኃኒት ቤቱን ከዘጋሁ በኋላ አልሄድኩም። ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን አቶርቫስታቲን አወረድኩና ውስጡ ያለውን እጥፍጥፍ መግለጫ ወረቀት ዘረጋሁት። በቀን ስንቱን ስሰጥ፣ ያቺን ወረቀት ማን ያነባታል ብዬ ስቄያለሁ። የጡንቻ ጉዳት ከሚያባብሱ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ያልታከመ የታይሮይድ ማነስ ተጽፏል። ዓለም የሚከተላቸው የኮሌስትሮል ሕክምና መመሪያዎችም ስታቲን ከመጀመሩ በፊት ታይሮይድ ይታይ ይላሉ። አንድ መርፌ ደም ነው። ጥር ላይ «በደንብ ነው የምትወስደው» ባልል ኖሮ ያ ሐኪም ያዝዘው ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ኮሌስትሮሉ ለምን ጾምን እንዳላከበረ ልንገራችሁ። ደማችን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን ከሆዳችን አናመጣውም፤ የሚሠራው ራሱ ሰውነታችን ነው፣ ጉበት በግንባር ቀደምትነት። ጉበት ደግሞ ይሠራል ብቻ አይደለም፣ ይሰበስባልም። ገጹ ላይ ኤልዲኤልን ከደም እየለቀሙ ወደ ውስጥ የሚያስገቡ በሮች አሉት። እነዚህን በሮች ያገኙት ብራውንና ጎልድስታይን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። በሮቹን በብዛት እንዲሠራ ጉበትን ከሚያዙት አንዱ የታይሮይድ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ሲጎድል በሮቹ ያንሳሉ፤ ኤልዲኤሉ ደም ውስጥ መሄጃ አጥቶ ይከማቻል። እናቴ ቅቤ ብትበላም ባትበላም በሩ ዝግ ነበር። ለሌላው ሰው ቅቤ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም፤ የቅቤ ስብ ኤልዲኤል ይጨምራል። በዚህ ክስ ግን ጥፋተኛው ቅቤ አልነበረም።

በነገራችን ላይ የታይሮይድን ሆርሞን የመተካቱ ሕክምና የተጀመረው በበግ ነው። በ1891 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ሙሬይ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ሐኪም ኒውካስል ውስጥ የበግ ታይሮይድ ጨምቆ ዕጢዋ መሥራት ላቆመ አንዲት ሴት በመርፌ ሰጣት፤ በኋላም በአፍ። ሴትዮዋ ሃያ ስምንት ዓመት ኖራ በ1919 ሞተች። በዚያ ሁሉ ዓመት ከ870 በላይ በጎች ዕጢ እንደሄደባት ሙሬይ ራሱ ጽፏል። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ሰውየው ሥጋውንስ ለማን ሰጠው?» አለችኝ። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ፊት ለፊቴ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ሐኪሟ አዲስ ነገር አላዘዘችም። ስታቲኑን ለጊዜው አቆመች። የታይሮይዱን መጠን አልነካችም፣ ያው 100። «እንደ ድሮዎ፣ ሌሊት፣ በአንድ ጉንጭ ውኃ» አለቻት። ካልሲየሙ ወደ ማታ ራት ተዛወረ። ሌቮታይሮክሲን ቶሎ የሚሠራ መድኃኒት አይደለም፤ ደም ውስጥ ከገባው ግማሹ ለመውጣት አንድ ሳምንት ይፈጃል፤ ስለዚህ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሳይጠብቁ ደም መለካት ትርፉ መደናገር ነው። እኔ በየሳምንቱ ልለካት ፈለግሁ። እናቴ እንቢ አለች፤ «ዶክተሯ ስምንት ብላለች»።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቲኤስኤቿ ወደ 7 ወርዶ ነበር፤ ኤልዲኤል 139። ያለ ስታቲን። ሲኬም ወደ ቦታው ተመልሷል። ኅዳር 2016 ላይ ቲኤስኤች 2.9፣ ኤልዲኤል 124። እዚህ ላይ ታሪኩን ላስውበው አልፈልግም፤ ሁሉም ከታይሮይድ አልነበረም። ዕድሜዋና ግፊቷ ተደምረው 124 አሁንም ይበዛባታል ተባለ። ሐኪሟ አቶርቫስታቲኑን መልሳ ጀመረችላት፣ በ10 ሚሊግራም ብቻ። እኔ ፈራሁ። ታይሮይዱ ከተስተካከለ በኋላ ያው መድኃኒት ጡንቻዋን ምንም አላላትም። የመጨረሻው ምርመራ 83 ነው። ከበርጩማዋ ብድግ ብላ ትነሣለች። ቅቤም በማንኪያ፣ ለበዓል ለበዓል፣ ከሞጣ ይመጣል።

መስኮቴ ላይ የስታቲን ማዘዣ ይዞ የሚመጣ ሰው አሁን ሁለት ነገር ሳይመልስልኝ አይሄድም፦ ታይሮይድህ ታይቷል ወይ፣ የታይሮይድ ኪኒን ከወሰድክ ከምን ጋር ነው የምትውጠው። አንዳንዱን ይሰለቸዋል። ይሰልቸው። አጅቦ የመጣ ልጅ ለእናቱ ቀድሞ ከመለሰ ደግሞ እጄን ከፍ አደርጋለሁ።

ለእናቴ ስለ መድኃኒቱ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ሣጥኑን ፊቷ አስቀምጬ፣ ካልሲየሙን አሳይቼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብያታለሁ። «ለኔው ብለህ አይደል» ብላ በአንድ ቃል ዘጋችው። ሣጥኑንም አሁን የምትሞላው ራሷ ናት፤ የታይሮይዷ ኪኒን ግን እዚያ ውስጥ አትገባም፣ ከራስጌዋ ከዳዊቷ አጠገብ ነው የምታድረው። ስለ ረቡዑ፣ ስለ «ማታ ማታ ምን እየቀመስሽ ነው»፣ ስለ ፋሲካው እንቁላል ግን እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ወሬ ለውጫለሁ። ይህን ጽሑፍ ከማንም በፊት የማነብላት ለእሷ ነው።